ማር ለመቅመስ የትኛውን መንገድ እንምረጥ? ከወረታ እስከ ቤተ ልሔም

ነጭ ማርና ቀይ ማር በሁለት ስኒ ቀርቦላችሁ "የቱ ይሻላል?" ብትባሉ ምን ትመልሳላችሁ? ብዙ ሰው ገና ሳይቀምስ መልስ አለው። አንዱ "ማር ማለት ነጩ ነው" ይላል፤ ሌላው "ለጠጅ ከሆነስ ቀዩን አምጣልኝ" ይላል። አንዳንዱ ደግሞ ማሩ ረግቶ ካየው "ይሄማ ስኳር አለበት" ብሎ ሳይገዛ ይሄዳል። ከሦስቱ ሰዎች አንዳቸውም አልቀመሱም። ሦስቱም ግን ፈርደዋል።

ይህ ፍርድ ደግሞ ዋዛ አይደለም። ዓመቱን ሙሉ ቀፎውን ከጉንዳን፣ ከሸለመጥማጥና ከእሳት ጠብቆ ጥቂት ኪሎ ማር ገበያ ይዞ የወጣ ገበሬ ዋጋው የሚቆረጥለት በዚህ ዓይነት ፍርድ ነው። ስለዚህ ዛሬ አንድ ነገር እንማር፦ ማርን በትክክል ለመቅመስ የሚያስችል የጉዞ መንገድ እንዴት ይመረጣል? ምሳሌ የምናደርገው ደቡብ ጎንደርን ነው፤ በተለይም ጋይንትን፣ ስማዳንና እስቴን። ጥያቄው የጉብኝት ጥያቄ ይመስላል፤ ውስጡ ግን ንጹሕ ሳይንስ ነው።

ጣልያኖች መንገድ የሚመርጡት ለምንድን ነው?

መንገድ መርጦ መቅመስ በዓለም የታወቀው በወይን ጠጅ ነው። ጣልያን እ.ኤ.አ. በ1999 "የወይን መንገዶች" የሚባሉትን የሚመለከት ሕግ እስከ ማውጣት ደርሳለች። ጎብኚው በተመረጠ መንገድ እየሄደ እርሻውንና የመጥመቂያ ቤቱን ያያል፤ እየቀመሰ ልዩነቱን ይማራል።

በሰሜን ምዕራብ ጣልያን፣ በፒዬሞንቴ ክልል፣ ላንጌ የሚባል ኮረብታማ አገር አለ። ባሮሎ የሚባለው ስመ ጥር ቀይ ወይን ጠጅ የሚመጣው ከዚያ ነው። ባሮሎ የሚሠራው ኔቢዮሎ ከሚባል አንድ ዓይነት የወይን ፍሬ ብቻ ነው፤ ሌላ አይቀላቀልበትም። ይሁንና በምዕራብ በኩል ያለችው የላ ሞራ መንደር ወይን ጠጅ ለስለስ ያለ ሲሆን፣ በምሥራቅ በኩል ያለችው የሴራሉንጋ ግን ጠንከርና ኮምተር ያለ ነው ይባላል። በመካከላቸው ያለው ርቀት ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ነው። ፍሬው አንድ ነው፤ የተለወጠው ኮረብታውና አፈሩ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። በዚያ መንገድ የሄደ ሰው የአፈርን ሥራ በምላሱ ሊያውቅ የቻለው ፍሬው ስላልተለወጠ ነው። ፍሬውም፣ አፈሩም፣ አጠማመቁም አንድ ላይ ቢለዋወጡ ኖሮ የጣዕሙ ልዩነት ከየትኛው እንደመጣ ማንም ሊነግረው አይችልም ነበር። ጥሩ የቅምሻ መንገድ ማለት እንግዲህ አንድ ነገር ብቻ እየተለወጠ፣ ሌላው በተቻለ መጠን እንዳለ የሚቆይበት መንገድ ነው። ሳይንቲስቶች ሙከራ ሲያደርጉ የሚከተሉት ሕግም ይኸው ነው።

እኛ ጋ ነገሩ ይገለበጣል። በጋይንትና በአካባቢው ያለችው የማር ንብ በዝርያ አንድ ናት። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2011 የኢትዮጵያን ንቦች ለክተው ከሌሎች አገሮች ንቦች ስለተለዩባቸው፣ በሰሜን ተራሮች ስም "ሲሜንሲስ" የሚል የንዑስ ዝርያ ስም ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ ሠራተኛዋ ያው ናት፤ የምትቀስመው አበባ ግን ከቆላ ደጋ ይለያያል። ጣልያኖቹ ፍሬውን ይዘው ኮረብታውን ይለዋውጣሉ፤ እኛ ንቧን ይዘን አበባውን እንለዋውጣለን።

ንብ ምን ትሠራለች?

መንገዱን ከመምረጣችን በፊት ማር ምን እንደሆነ በአጭሩ እንይ። ንብ ከአበባ የምትቀስመው ፈሳሽ አብዛኛው ውኃ ነው። ቀፎዋ ውስጥ ይዛው ስትገባ ሁለት ሥራ ይሠራበታል። አንደኛ፣ ከንቦቹ ዕጢ የሚወጣ ኢንዛይም ሱክሮስ የሚባለውን ስኳር ግሉኮስና ፍሩክቶስ ወደሚባሉ ሁለት ትንንሽ ስኳሮች ይሰነጥቀዋል። ሁለተኛ፣ ንቦቹ በክንፋቸው እያራገቡ ውኃውን ያተኑታል፤ ከመቶ እጅ 20 ያህል ወይም ከዚያ በታች እስኪቀር ድረስ። ያኔ እንጀራውን በሰም ይደፍኑታል።

ውኃው ይህን ያህል ሲቀንስ እርሾ በማሩ ውስጥ መሥራት አይችልም። ማር ሳይበላሽ ዓመታት የሚቆየው ለዚህ ነው። ጠጅ ለመጥመቅ ደግሞ መጀመሪያ ማሩን በውኃ መበረዝ ያስፈለገው በዚሁ ምክንያት ነው፤ ውኃ ሲገባ የታፈነው እርሾ ሥራውን ይጀምራል።

ታዲያ ጣዕሙ ከየት ይመጣል? ጣፋጭነቱ ከስኳሮቹ ነው፤ እሱ በሁሉም ማር ውስጥ አለ። ልዩ የሚያደርገው ግን ከአበባው የሚመጣው ጥቂት ነገር ነው፦ ሽታ፣ ቀለም፣ አሲድ፣ ማዕድን። የግራዋ አበባ ማር መረር ይላል። የአደይ አበባና የኑግ ወቅት ማር ሌላ ነው፤ የባሕር ዛፍ ማር ሌላ ነው። ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ብዙ ሳይርቅ የሚገኘው የላስታ ነጭ ማር ደግሞ በቀለሙ ብቻ ከሩቅ ይታወቃል።

ከፍታ፦ የመንገዱ ዋና ቁልፍ

አሁን ካርታውን ዘርጉት። ከጣና ሐይቅ ዳር ያለው የፎገራ ሜዳና የወረታ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው። ደብረ ታቦር ወደ 2700 ሜትር ይጠጋል። የላይ ጋይንቱ ነፋስ መውጫ፣ ስሙ እንደሚናገረው፣ ነፋሻ ደጋ ነው፤ 3000 ሜትር ገደማ ይደርሳል። በመካከላቸው ጉና ተራራ ከ4000 ሜትር በላይ ቆሞ ይታያል፤ ርብና ጉማራ የሚነሡት ከእሱ ነው። በደቡብና በምሥራቅ በኩል ደግሞ መሬቱ እየወረደ እየወረደ እስከ በሽሎ ሸለቆ ይገባል።

አየሩ በየ1000 ሜትር ከፍታ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። እስቲ አስሉት፦ ከወረታ ነፋስ መውጫ 1200 ሜትር ያህል ከወጣን፣ 1.2 ሲባዛ በ6.5 ወደ 8 ዲግሪ ይሆናል። በጥቂት ሰዓት የመኪና መንገድ የ8 ዲግሪ ልዩነት ማለት ነው። ይህ ልዩነት ምን እንደሚበቅል ይወስናል። ከታች ሜዳው ላይ ሩዝ፣ ጓያና ሽምብራ ታያላችሁ፤ ወይናደጋው ላይ ጤፍና ኑግ፤ ከላይ ገብስ፣ ባቄላና ድንች፤ ጉና ጫፍ ላይ አስታና ጅብራ። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ፦ የሩዝ፣ የጤፍና የገብስ አበባ ለማር የሚሆን ጣፋጭ ፈሳሽ አይሰጥም። ስለዚህ "የት አገር ነው?" ብቻ ሳይሆን "በዙሪያው ምን ያብባል?" ብላችሁ መጠየቅ አለባችሁ።

ሦስት መንገዶች፣ አንድ ምርጫ

አንደኛው መንገድ ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦር፣ በክምር ድንጋይና በነፋስ መውጫ አድርጎ በጨጨሆ በኩል ወደ ወልድያ የሚያልፈው ዋናው መንገድ ነው። ምቹ ነው፤ መኪናም አይጠፋበትም። ችግሩ ርዝመቱ ነው። ከጣና ዳር እስከ ጨጨሆ ስትሄዱ ከፍታው ብቻ አይለወጥም፤ ዝናቡም፣ አፈሩም፣ አስተራረሱም አብሮ ይለወጣል። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ማር ቢለያዩባችሁ ምክንያቱ ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ አታውቁም።

ሁለተኛው ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ታጥፎ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ከተማ በኩል፣ ወደ ስማዳ ወገዳ የሚያደርሰው ነው። ብዙ ዓይነት መልክዓ ምድር ያሳያል፤ ጊዜ ያለው ሰው ቢሄድበት አይቆጭም።

ሦስተኛው ከነፋስ መውጫ ወደ ታች ጋይንት፣ ወደ አርብ ገበያ የሚወርደው ነው። "ላይ" እና "ታች" የሚሉት የወረዳዎቹ ስሞች ሥራችሁን ግማሹን ሠርተውላችኋል። በአጭር ርቀት ከደጋ ወደ ወይናደጋ፣ ከዚያም ወደ ሸለቆው አፋፍ ትወርዳላችሁ። ሕዝቡ አንድ፣ የቀፎ አሠራሩ ተቀራራቢ፣ የክረምቱ ዝናብ የሚገባው በተቀራረበ ጊዜ ነው። በብዛት የሚለወጠው ከፍታውና ከእሱ ጋር አበባው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሞክር ሰው እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

"ግን እኮ አጭር ነው" ትሉ ይሆናል። አጭርነቱ ነው ጥቅሙ። ብዙ አገር ያየ ሁሉ ብዙ ተማረ ማለት አይደለም፤ ሲመለስ "ማሩ ሁሉ ይለያያል" ከማለት በቀር የሚለው የለውማ።

የት እንቁም?

ንብ አብዛኛውን ጊዜ የምትቀስመው ከቀፎዋ በጥቂት ኪሎ ሜትር ዙሪያ ውስጥ ነው። ስለዚህ ሁለት ጣቢያዎች በጣም ከተቀራረቡ ንቦቻቸው አንድ አበባ ላይ ይገናኛሉ፤ የቀመሳችሁት ሁለት ማር ሳይሆን አንድ ማር ሁለት ጊዜ ይሆናል። በጣቢያ መካከል ቢያንስ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ተዉ። በዚህ ስሌት አራት ጣቢያ ይበቃል፦ አንድ ከነፋስ መውጫ አጠገብ፣ አንድ መንገዱ መውረድ ሲጀምር፣ አንድ በአርብ ገበያ ዙሪያ፣ አንድ ከዚያ ወደ ሸለቆው ዝቅ ብሎ።

የምትቆሙት ግን ሱቅ ሳይሆን ንብ አናቢ ቤት ይሁን። ነጋዴ ከብዙ ቀበሌ ሰብስቦ በአንድ ባልዲ ይደባልቃል፤ በደል የለበትም፤ ሥራው ነው። የእናንተ ጥያቄ ግን "ይህ ማር የየትኛው ተራራ ነው?" የሚል ነው፤ ባልዲው ደግሞ ይህን ረስቶታል። ገበያ ጥሩ የሚሆነው ንብ አናቢውን ለማግኘት ነው። አርብ ገበያ የገበያ ቀኑን በስሙ ይዞ ስለሚዞር ቀኑን አትሳሳቱም።

ንብ አናቢውን ስታገኙ አራት ነገር ጠይቁና ጻፉ። ማሩ የተቆረጠው በየትኛው ወር ነው? ዋናው የማር ጊዜ ከመስከረሙ አበባ በኋላ ጥቅምትና ኅዳር ነው፤ ሌላ አነስተኛ ቆረጣ ደግሞ ግንቦትና ሰኔ አካባቢ አለ። የጥቅምትን ማር ከሰኔ ማር ጋር ካወዳደራችሁ ከፍታን ሳይሆን ወቅትን ነው ያወዳደራችሁት። ቀፎው ባህላዊ ነው ዘመናዊ? ከባህላዊ ቀፎ ሲቆረጥ ጭስ ይበዛል፤ ሰሙ፣ የአበባ ዱቄቱና አንዳንዴም እጩ አብሮ ይገባል። ይህ ሁሉ ጣዕም ይለውጣል። ማሩ እሳት ነክቶታል? በዙሪያውስ ፀረ ተባይ ይረጫል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለጣዕሙ ብቻ አይደለም። ሽንኩርትና ቲማቲም በመስኖ በሚመረትበት እንደ ፎገራ ባለ ቦታ ኬሚካሉ አበባ ባለበት ሰዓት ከተረጨ ንቧ ትሞታለች። ንብ አናቢዎች በአንድ ቀን ስንት ንብ መሬት ላይ እንደሚያገኙ ስትሰሙ፣ ማር ለምን እንደሚወደድ ሌላ ምክንያት ትረዳላችሁ። የሚረጨው ሰው ንቧ ወደ ቀፎዋ በምትመለስበት በምሽት ቢረጭ ጉዳቱ በብዙ ይቀንሳል።

መንገድ ላይ ሰብስቡ፣ በአንድ ጠረጴዛ ቅመሱ

ትልቁ ስሕተት በየጣቢያው ቀምሶ በመጨረሻ ከማስታወስ ማወዳደር ነው። ጠዋት የቀመሳችሁትን ሽታ ማታ በትክክል አታስታውሱም፤ ርሃቡም፣ ድካሙም፣ ባለቤቱ ያደረገላችሁ መስተንግዶም ይቀላቀልበታል። "ግቡ፣ ቡና ጠጡ" ብሎ የተቀበላችሁ ሰው ማር ሳትቀምሱት ጣፍጧል!

ስለዚህ ጉዞውንና ቅምሻውን ለዩት። በየጣቢያው ለወጉ ቅመሱ፤ ከዚያ በንጹሕ ትንሽ ጠርሙስ ጥቂት ማር ገዝታችሁ ቀኑን፣ ቦታውንና ከፍታውን ጻፉበት። ከፍታውን የእጅ ስልካችሁ ይነግራችኋል። ወደ ቤት ስትመለሱ ሁሉንም በአንድ ጠረጴዛ፣ በአንድ ሙቀት፣ በተመሳሳይ ስኒ ቅመሱ።

በምን ቅደም ተከተል? አራት ማር በ24 ዓይነት፣ ስድስት ማር ደግሞ በ720 ዓይነት ተራ ሊሰለፍ ይችላል። ሁሉንም መሞከር አይቻልም፤ ሁለት ልማድ ግን ይረዳል። መጀመሪያ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ሂዱ፤ መራራውና ጭስ ጭስ የሚለው መጨረሻ ይሁን፤ አለዚያ ምላሳችሁን ይይዝባችኋል። ቀጥሎ ጥቂት አርፋችሁ በተገላቢጦሽ ተራ ድገሙት። አንድ ማር በሁለቱም ተራ ያው ከመሰላችሁ ስሜታችሁን እመኑት። ከተለወጠባችሁ የለወጠው ተራው ነው። በየመካከሉ ለብ ባለ ውኃ ተጉመጥመጡ፤ ጨው የሌለው ቂጣ ቁራሽም ጥሩ ነው።

አፍንጫችሁንም አትርሱ። "ጣዕም" ከምንለው ውስጥ ትልቁ ድርሻ ሽታ ነው። ለማረጋገጥ አፍንጫችሁን ይዛችሁ ማር ቅመሱ፤ ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ታውቃላችሁ። ልቀቁት፤ አበባው ያኔ ይመጣል።

ዓይን እንዴት እንደሚያታልል

በፈረንሳይ ቦርዶ ከተማ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2001 የታተመ አንድ ጥናት አለ። የወይን ጠጅ ትምህርት ለሚማሩ 54 ተማሪዎች ነጭ ወይን ጠጅ ሽታ በሌለው ቀለም ቀይ ተደርጎ ቀረበላቸው። ተማሪዎቹ ሽታውን ሲገልጹ የተጠቀሙት ለቀይ ወይን ጠጅ የሚባሉትን ቃላት ነው። ያሳሳታቸው ዓይናቸው ነው። ልብ በሉ፣ እነዚህ ተማሪዎች ሥራው እንግዳ የሆነባቸው ሰዎች አይደሉም።

በማርም ነጭና ቀይ የሚለው ስም ይህን ሥራ ይሠራብናል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ዓይናችሁን በሻሽ ሸፍናችሁ ሌላ ሰው በማንኪያ ያቅምሳችሁ።

ከዚያ "የሦስት ስኒ ፈተና" አድርጉ። በሁለቱ ስኒ አንድ ዓይነት ማር፣ በሦስተኛው ሌላ ይደረግ፤ ልዩዋን ለዩ። በግምት ብቻ ትክክል የመሆን ዕድላችሁ ከ3 አንድ ነው። ስለዚህ አንድ ጊዜ ማግኘት ምንም አያስኮራም። ስድስት ጊዜ ተፈትናችሁ ስድስቱንም ብታገኙ ግን ያን በግምት የማድረግ ዕድል ከ729 አንድ ብቻ ነው። አምስትና ከዚያ በላይ የማግኘት ዕድሉ ከ729 ውስጥ 13 ነው፤ ከመቶ 2 አይሞላም። ያኔ "ልዩነቱን አውቃለሁ" ማለት ትችላላችሁ። ሁለት ወይም ሦስት ብቻ ካገኛችሁ ደግሞ፣ ሳትናደዱ፣ "እነዚህን ሁለት ማሮች ምላሴ አልለየም" ብላችሁ ጻፉ። ያም ውጤት ነው።

ሌላ የሚያስፈልጋችሁ ማመሳከሪያ ነው። ይህን ሐሳብ የጋይንት ሰው ከማንም በፊት ያውቀዋል። ቤተ ልሔም በቤተ ክርስቲያን ትምህርት የድጓ መመስከሪያ ናት። ሌላ ቦታ ድጓ የተማረ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን እዚያ ያስመሰክራል፤ የሌላው መጽሐፍ በዚያ ይታረማል። ሁሉም በየሰፈሩ ጆሮ ብቻ ቢፈርድ ኖሮ ዜማው ይበታተን ነበር። በቅምሻም እንዲሁ ነው፦ አንድ ማር "መመስከሪያ" አድርጋችሁ ምረጡና ሌሎቹን ሁሉ ከእሱ ጋር አወዳድሩ። ያን ጊዜ "ከመመስከሪያው መረር ይላል"፣ "ከእሱ ቀጠን ይላል" ስትሉ ሌላው ሰው ምን እንዳላችሁ ይገባዋል።

የረጋ ማር ስኳር አለበት?

አሁን ወደዚያ ሳይቀምስ ወደሄደው ገዢ እንመለስ። ማር ውስጥ ያለው ስኳር ውኃው ሊሸከመው ከሚችለው በላይ ነው። በተለይ ግሉኮስ በውኃ ውስጥ ሟሙቶ መቆየት ይከብደዋል፤ ጊዜ ሲያገኝ እየጠጠረ ይወጣል። መርጋት የምንለው ይህ ነው። ይህ ነገር በጣም የሚፈጥነው በ14 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። ሞቃት ቦታ ስኳሩ ሟሙቶ ይቆያል፤ በጣም ሲቀዘቅዝ ደግሞ ማሩ ስለሚወፍር ጠጠሩ መሰብሰብ ይቸግረዋል።

የ14 ዲግሪ ጓዳ የት ነው ያለው? ደጋ! ነፋስ መውጫ ላይ ጓዳ የተቀመጠ ንጹሕ ማር ወረታ ከተቀመጠው ቀድሞ ቢረጋ የሚጠበቅ ነገር ነው። እንግዲህ ደገኛው ገበሬ ንጹሕ ማሩን ይዞ ቆላ ገበያ ሲወርድ "ስኳር ጨምረህበታል" ቢባል፣ እየተቀጣ ያለው አገሩ ስለቀዘቀዘ ነው ማለት ነው። ይህን ፊዚክስ የሚያውቅ አንድ ገዢ አንድን ቤተሰብ ከኪሳራ ሊያድን ይችላል። የረጋውን ማር ማቅለጥ ከፈለጋችሁ ጠርሙሱን እጅ የሚችለው፣ 40 ዲግሪ ያህል የሞቀ ውኃ ውስጥ አቁሙት፤ እሳት ላይ አትጣዱት፤ ሽታው ይጠፋል።

ታዲያ ስኳር የተቀላቀለበትን በምን እንወቅ? ማሩን ውኃ ውስጥ ጣል ማድረግ፣ በክብሪት ማቃጠል የሚባሉት ፈተናዎች የሚያሳዩት ከሁሉ በላይ የውኃውን መጠን ነው፤ የስኳሩን ምንጭ አይናገሩም። ላብራቶሪ ግን ደስ የሚል ዘዴ አለው። ሸንኮራ አገዳ፣ በቆሎና ጤፍ ከአየር ካርቦን የሚወስዱበት መንገድ ንብ ከምትቀስማቸው ከአብዛኞቹ አበቦች ይለያል። በዚህ የተነሣ ካርቦን 13 የሚባለው ከበድ ያለው የካርቦን ዓይነት በሸንኮራ ስኳር ውስጥ ትንሽ ይበዛል። መሣሪያው ያንን መጠን ለክቶ የአገዳ ስኳር መግባቱን ያጋልጣል። የቀይ ሥር ስኳርን ግን በዚህ መንገድ መያዝ አይቻልም፤ ሌላ ምርመራ ይፈልጋል። ሌላም ዘዴ አለ፦ በማሩ ውስጥ የቀረውን የአበባ ዱቄት በአጉሊ መነጽር ማየት። እያንዳንዱ ተክል የራሱ ቅርጽ ያለው ዱቄት አለው፤ ማሩ "የኑግ ነኝ" ወይም "የባሕር ዛፍ ነኝ" የሚልበት መታወቂያው ነው።

ምላስ ስለዚህ ወሰን አለው። የአበባን ልዩነት ይለያል፤ ብልጥ አታላይን ግን ሁልጊዜ አይለይም። ለዚያ የሚሻለው ማሩን የሠራውን ሰው ማወቅ ነው። መንገዱን ወደ ንብ አናቢው ደጅ ያደረግነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ጠጅስ? ብርዝስ?

በመንገዳችሁ ላይ ጠጅ ሊቀርብላችሁ ይችላል። በኢትዮጵያ ሕግ የአልኮል መጠጥ መሸጥ የሚቻለው ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው ነው። ለትምህርታችሁም ቢሆን ጠጅ አይመችም፤ ጌሾው፣ እርሾውና የጠማቂዋ እጅ ስለሚገቡበት የአበባው ድምፅ ይሸፈናል። ከፈለጋችሁ ብርዝ ሥሩ፦ አንድ እጅ ማር፣ አራት እጅ ንጹሕ ውኃ። ሳይቆይ የተጠጣ ብርዝ አልኮል የለውም፤ ሽታውንም አልሞ ያወጣዋል። ከዋለ ካደረ ግን እርሾው ሥራ ስለሚጀምር በዕለቱ ጠጡት።

ከመነሣታችሁ በፊት ሦስት ነገር አትርሱ። ስለ መንገዱና ስለ አካባቢው ሰላም ከሚያውቅ ሰው ጠይቁ። ቀፎ አጠገብ ስትሄዱ ሽቶ አትቀቡ፤ ከባለቤቱ ኋላ ሁኑ። ከዓመት በታች ላለ ሕፃን ማር ከቶ አትስጡ፤ ማር ውስጥ ሊኖር የሚችል የባክቴሪያ ዘር ለትልቅ ሰው ምንም ባይሆንም ለሕፃን አንጀት አደገኛ ነው።

አሁን መሄድ ካልቻላችሁም ማሩ ወደ እናንተ ይምጣ። ከላይ ጋይንት፣ ከታች ጋይንት፣ ከእስቴ ወይም ከስማዳ ዘመድ ያለው የክፍል ጓደኛ አይጠፋም። በዚህ ኅዳር አራት ሰው አራት ትንሽ ጠርሙስ ያስመጣ፤ ወሩ፣ ቀበሌውና የቀፎው ዓይነት ይጻፍበት። ሻሽ፣ ማንኪያ፣ ቂጣና ወረቀት አዘጋጁ። መጀመሪያ ግን እያንዳንዳችሁ የትኛው ማር ፈጥኖ እንደሚረጋ ግምታችሁን ጽፋችሁ ወረቀቱን እጠፉት፤ ከወር በኋላ ጠርሙሶቹን እያያችሁ ትከፍቱታላችሁ።